ፈትልንና ሹራብን በአንድ ስምምነት ያስተሳሰሩት የአቶ ወልደተንሣኤ ዘርአ ዳዊት የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደተንሣኤ ከአባታቸው ከአቶ ዘርአ ዳዊት ሲሳይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርትሁን ይርጋለም በ1959 ዓ.ም. ሰላ ድንጋይ ተወለዱ። ሲወለዱ ደካማ ስለነበሩ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ቤተሰቡ እንቅልፍ አልነበረውም። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ደብረ ብርሃን ተማሩ። በ1980 ዓ.ም. በከተማው በአንድ ሹራብ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጠሩ። በ1987 ዓ.ም. የዚያው ፋብሪካ የሹራብ ክፍል ሠራተኛ የሆኑትን ወይዘሮ በላይነሽ ደረጀን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ2006 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነው ሲመረጡ፣ የልጆች አባት ነህና ይቅርብህ ያላላቸው ዘመድ አልነበረም። በመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተደራደረ፤ ፈትል ክፍልም ቦነሱ በኪሎ እንዲታሰብለት አስወሰነ። ክሩ በዛ። ነገር ግን በጥድፊያ የተፈተለው ክር ሹራብ ክፍል ሲደርስ ይበጠስ ጀመር፤ ደንበኛ ዕቃ መለሰ፤ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው ተባለ። ወይዘሮ በላይነሽ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አንተ በኪሎ ትሸለማለህ፤ እኔ ያንተን ብጥስጥስ ክር ስቋጥር እውላለሁ» አሏቸው። ነገሩ ከሆዳቸው ገባ።

በሚቀጥለው ድርድር አቶ ወልደተንሣኤ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ አስቀምጠው፣ ቦነሱ ጥራቱን ባለፈ ሹራብ ተሰልቶ ለሁሉም እንዲደርስ ተከራከሩ። የገዛ ክፍላቸው ሰዎች «የሚስቱ ጠበቃ» እያሉ አሾፉባቸው፤ የሚዝትም አልጠፋ። ያን ሰሞን ከሥራ እስኪገቡ ድረስ በቤታቸው እህል የሚቀምስ አልነበረም። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ግን ፈትል ክፍሎች ራሳቸው ሹራብ ክፍል እየሄዱ ክሩ የቱ ጋ እንዳስቸገረ ይጠይቁ ጀመር። የሚመለሰው ዕቃ ቀነሰ፤ ሠራተኛ ሊቀንስ የነበረው ፋብሪካ የቅጥር ማስታወቂያ ለጠፈ።

አቶ ወልደተንሣኤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ሲታደስ የቆየው የስምምነቱ ዘመን በዚህ ኅዳር ያበቃል፤ አሠሪውም እንደገና በየክፍሉ እንደራደር ብሏል። ይህን እንዳይነግሯቸው እኛ ቤተሰቦቻቸው ብንለምንም ጠያቂ አላስቻለውም፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም አልረጋላቸውም። ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። የበኩር ልጃቸው ይመኙሻል ሹራብ ክፍል ትሠራለች፤ አባቷ ታመው ሳሉ በቦታቸው ስለተመረጠች ኀዘኗ ሳይወጣ ሰኞ ለድርድር ትቀርባለች። ቅሪ ብለናት እንቢ ብላለች። እዚህ የቆማችሁ የፈትልም የሹራብም ሠራተኞች፣ እባካችሁ ልጃችንን ብቻዋን አታስገቧት።

እግዚአብሔር የአባቷን ነፍስ ከድካም አሳርፎ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ ለእሷም ጠባቂ መልአኩን ያቁምላት።