ለባሮ አዞ እጅ የነሳሁበት ቀን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቀልዴ ከእጄ አመለጠ። ከደብረ ማርቆስ የመጣውን አዲሱን መምህር ይርጋን ባለፈው ሳምንት ፎግሬው ነበር። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «እዚህ ጋምቤላ የባሮን ድልድይ በእግሩ የሚሻገር ሰው ቆሞ አዞውን ሰላም ሳይል አያልፍም» አልኩት። ወዲያው የሚነቃ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ደብተር ይዞ መጣና፣ «ቲቸር አልማዝ፣ ያንን ባህል ዓርብ በሰልፍ ላይ ለተማሪው ሁሉ አቀርበዋለሁ» አይለኝ መሰላችሁ!

ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሊስቅበት ነው። ከሥራ ስንወጣ እውነቱን ልነግረው ሮጬ ድልድዩ ላይ ደረስኩበት። ብቻውን አልነበረም። ዘበኛችን አቶ ኡመድ ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረውት ወደ ወንዙ ጎንበስ ብለዋል።

«እርስዎም?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እንግዳ ነው። እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቲቸር አልማዝ ዋሸች ልበለው?»

አፈርኩ። እሳቸው ግን አልማሩኝም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቲቸር፣ አንቺስ? ዛሬ ሰላም አትዪም? አዞው ይቀየማል!» አሉ።

ባጃጆች ቆሙ። ተማሪዎቼ ከበቡን። ምን ላድርግ? ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ለባሮ እጅ ነሳሁ። አቶ ኡመድ ሳቃቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

ይርጋ አልሳቀም። ደብተሩን አወጣና፣ «ሴቶች ደግሞ ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ» ብሎ ጻፈ።

እስከ ዓርብ እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት ድልድዩ ላይ አቶ ኡመድ ቀድመውኝ ደግሞ እጅ ካላስነሱኝ…