የቀዝቃዛው ወር ውሃ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ወትሮው ጤነኛ ነው።

ብየዳውን ትቼ ልምጣና ከአባባ ጋር ዓሣ ላጥምድ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን ያዘገየሁት ወድጄ አይደለም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ከኮራሉ ዳር ውሃ እየቀዳሁ ላቦራቶሪ ውስጥ አሲድነቱን እለካለሁ። አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ባሕሩን በጠርሙስ ቀድታ ልትጨርሰው ነው እያለ ይስቅብኛል። ሰሞኑን ግን ራሱ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ አፉን በላስቲክ አስሮ መጣ። ለክተሽ ለወንድምሽ ጻፊለት አለኝ። ለካሁት፤ ከሙቀቱ ወራት የተሻለ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! ባሕሩን ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ለቆታል፣ ልጄ ይምጣ እያለ በየደጁ ዞረ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው ወደ አሲድነት ይጠጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል። ይህ በየዓመቱ ያለ ነው። አባባ የቀዳው በቀዝቃዛው ወር ስለሆነ መሻሉ አይቀርም ነበር። እኔ ያስተያየሁት ከአምናና ከካቻምናው ቀዝቃዛ ወር፣ ከዚያም በፊት ከነበሩት ጋር ነው። ማገገሙ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። ኮራሉ፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ አካሉን የሚገነባው ከውሃው በሚያገኘው ኖራ መሰል ነገር ነው፤ ውሃው እንዲህ ሲሆን ግንባታው ይዘገያል፣ የተገነባውም ይሳሳል። አንተ ጠልቀህ ትይዘው የነበረው ቅርንጫፍ ዛሬ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ዓሣውም መጠለያ ሲያጣ ጥሎ ይሄዳል።

ይህንኑ ለአባባ ነገርኩት። ጠርሙሱ ቆሽሾ ይሆናል አለኝ። በማግስቱ ሌላ ጠርሙስ በፈላ ውሃ አጥቦ፣ ቀድቶ አመጣልኝ። ያው ነው። እሱ ግን ውጤቱን ሳይጠይቀኝ ወጣ።

ይምጣ የሚለው የአባባ ቃል ነው፤ አደራ ስለሆነ ጽፌዋለሁ። የእኔ ቃል ሥራህን አትልቀቅ ነው።

ባለቤትህን እቀፍልኝ። ትልቋን ጥርሷ በቅሎ እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እናታችን ምግብ እንዳትዘል ብላሃለች። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ አሁንም ጀልባው ላይ የአንተን መቀመጫ በመዶሻ እየመታ እያበጀልህ ነው። እባክህ ደውልና አልመጣም በለው። ከእኔ አልሰማ ብሏል።

እህትህ
ከወደቡ ዳር ካለው ቤታችን
ጥር ፱ ቀን