የወ/ሮ ጣቢታ ጴጥሮስ የሕይወት ታሪክ፦ ከአንጋጫ እስከ ወርቅ ሳንቲም ፋብሪካ

ወ/ሮ ጣቢታ ከአባታቸው ከአቶ ጴጥሮስ ሄራሞና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርፊት በ1944 ዓ.ም. አንጋጫ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሆሳዕና ጨርሰው፣ አዲስ አበባ የብረታ ብረት ሙያ ተማሩ። በክፍላቸው ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ1970 ዓ.ም. መንግሥት ለሥልጠና ወደ አንድ የምሥራቅ አውሮፓ አገር ላካቸውና የወርቅ ሳንቲም በሚመረትበት ፋብሪካ ተመደቡ። ይነግሩን እንደነበረው፣ ወርቁ ከጥቂት መዳብ ጋር ቀልጦ በቅርጽ ይፈሳል፤ በከባድ መዳመጫ እየሳሳ ይሄድና ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ክብ ይመዘናል፤ የጎደለው ወደ እሳት ይመለሳል። የቀረው በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ይታተማል። ወ/ሮ ጣቢታ የታተመውን በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ነበር።

በ1973 አንድ ቀን የማተሚያው ብረት ተሰንጥቆ፣ ፀጉር የምታክል መስመር በሳንቲሞቹ ላይ ወጥታ አገኙ። ጠዋት ልብ ሳይሉ ያሳለፏቸው ሦስት መቶ ያህል ነበሩ። ባልደረባቸው፣ «ክብደቱ ሙሉ ነው፤ ማን ያየዋል?» አላቸው። «እኔ አይቼዋለሁ» ብለው ለአለቃቸው ተናገሩ። ሁሉም ተመልሶ ቀለጠ። እሳቸው ግን ከምርመራ ተነስተው ሥልጠናው እስኪያልቅ እጥበት ክፍል ሠሩ፤ ጥፋቱም በምስክር ወረቀታቸው ላይ ተጻፈ።

በዚያ ወረቀት ምክንያት በ1974 ሲመለሱ አዲስ አበባ የታሰበላቸው ሥራ ቀረ። ሆሳዕና የእጅ ሥራና የብየዳ መምህርት ሆኑ። ወርቅ ይዘው ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ዘመድ ሻንጣቸው ውስጥ ልብስና መጽሐፍ ብቻ ሲያይ፣ «ደብቃዋለች» አለ። እንዲህ ካሉት አንዷ እኔ ታናሽ እህታቸው ገነቴ ነኝ። ማለቴን ሰምተው ነበር፤ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

በ1975 ከመምህር ተረፈ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ዓለሚቱንና አሳምነውን ወለዱ።

በ1977 አባታችን ሲታመሙ፣ ወ/ሮ ጣቢታ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው የሳንቲሙን አሠራር በከምባትኛ አስረዷቸው። አባታችን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ታዲያ ምን ይገዙበታል?» አሉ።

«ካዝና ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ አባባ።»

«ካዝና ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ነው ሥራሽን ያጣሽው?»

«አዎ።»

አባታችን የልጃቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ወርቅ ወ/ሮ ጣቢታን የጠየቀ የለም።

ወ/ሮ ጣቢታ ከ1981 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በ38 ዓመታቸው ዐርፈዋል። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና በቦኖሻና በሺንሺቾ ብየዳ ቤት የከፈቱ ተማሪዎቻቸው ዛሬ አብረውን ቆመዋል።

ዓለሚቱ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። እንዲህ ዘርዝሬ የጻፍኩት ማንበብ ስትችል እናቷን እንድታውቃት ነው። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑር፤ እኛንም ያጽናን።