በምሰሶ ላይ የለጠፍከው ፎቶዬ

ለአባቴ ለመምህር ራድኮ፣

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልህ? እናቴ ደህና ናት? የጓሯችን ፕሪም አበባው ውርጭ ሳይመታው አለፈ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሰላምታዬ ይህን ያህል ነው። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ተናድጄ ነው የምጽፍልህ።

ወንድሜ ኦግንያን ሁሉን በስልክ ነግሮኛል። በከተማችን ማንበቢያ ቤት ስለ ጉዞዬ ለሰው ልታወራ አስበህ፣ «ልጄ በእስያ» የሚል ማስታወቂያ አዘጋጅተሃል። ደብዳቤዬን በአንድ ገጽ አትመህ፣ ከላይ ፎቶዬን፣ ከሥሩ ሙሉ ስሜን አድርገህ፣ በቤታችን በርና በአውቶቡስ ፌርማታው ምሰሶ ላይ ለጠፍከው። አርባ ዓመት ያስተማርክ ሰው፣ በእኛ አገር በርና ምሰሶ ላይ ፎቶው የሚለጠፈው የሞተ ሰው መሆኑን እንዴት ረሳኸው? ጎረቤታችን እትዬ ስቶይና ፎቶውን እንዳየች ከዚያ በታች ሳታነብ፣ የተቀቀለ ስንዴና ሻማ ይዛ መጥታለች። እናቴ በሩን ስትከፍትላት፣ «ወይኔ ልጄን፣ ምን በላት? ያ የሩቅ አገር ውሃ ነው አይደል?» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች አሉ። አንተ ደግሞ ስንዴው እንዳይጣል ስኳር ነስንሰህ በልተኸዋል። ኦግንያን ይህን ሲነግረኝ እኔም ስቄያለሁ።

ሳቄ ማክሰኞ ጠዋት አበቃ። ሌላው ሰው ፎቶውን አይቶ አማትቦ ሲያልፍ፣ እጮኛዬ የነበረው ክራሰን ግን እስከ ታች አንብቦታል። ከታች ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ሉአንግ ፕራባንግ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለው በወይዘሮ ማኒቫን የእንግዳ ማረፊያ እንደምቆይ ጽፈሃል። ማኒቫን ቁርስ ላይ መጥታ፣ «እጮኛዋ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ ነበር። አርብ እደርሳለሁ፣ ጣቷ ዳነ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለ» አለችኝ።

ጣቴን ታውቃለህ አባዬ። ባለፈው ጥቅምት ክራሰን የመኪናውን በር ዘግቶበት ሲሰብረው፣ እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ የነገርኩት ለአንተ ብቻ ነው። «እስኪ ይብረድ፣ የትንሽ ከተማ ሰው ወሬ ይወዳል» አልከኝ። በረደ መሰለህ። በደብዳቤዬ፣ «እዚህ ስለ ጠማማ ጣቴ የሚጠይቀኝ ስለሌለ እጄን ከኪሴ አወጣሁ» ብዬህ ነበር። ያንን ሰርዘህ፣ «አገሬንና ክራሰንን እናፍቃለሁ» ብለህ ሞላህበት። ገበያውንና ወንዙን እንዳሉ ተውካቸው፤ እኔን ግን ከራሴ ደብዳቤ አወጣኸኝ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ማኒቫን በሞተር ሳይክሏ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘችኝ፤ የሚጠይቃት ቢመጣም አላውቅም እንደምትል ማለችልኝ። ሁለት ሳምንት ብቻ የምታውቀኝ ሴት ደበቀችኝ፤ የወለድከኝ አንተ አድራሻዬን አደባባይ ሰቀልክ።

ትናንት ስደውልልህ፣ «ሰው ይኩራብሽ ብዬ እንጂ» አልከኝ። እንግዲያው ይኸኛውን ደብዳቤ አንብብላቸው። ማንበቢያ ቤቱ ውስጥ ቆመህ፣ ክራሰን ፊት ለፊትህ ቢቀመጥም፣ አንዲት ቃል ሳትሰርዝ አንብበው። ጣቴን የሰበረው ማን እንደሆነ ስሙን ጠርተህ ተናገር። ምን ይሉኛል ካልክ፣ እኔን ምን ሲሉኝ እንደኖሩ አስብ። ይህን እስክታደርግ ድረስ የት እንዳለሁ አልነግርህም። ይቅርታም አልጠይቅህም።

እናቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ከእንግዲህ ሁሉን ለእሷ ራሴ እነግራታለሁ። ኦግንያንን ነገሩን ስላልደበቀኝ አመስግንልኝ። እትዬ ስቶይናን ስላለቀሰችልኝ እግዜር ይስጥልኝ በላት። አያቴ ራዳ ጆሮዋ ስለሚከብድ ጠጋ ብለህ፣ ዞርኒትሳ በሕይወት አለች በላት።

ልጅህ ዞርኒትሳ
እስያ፣ ግንቦት 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.