ወደ ከረጢቷ የምትመለሰው አተር

ለምናፍቅህ ልጄ ለጌዲዮን ዓለምነህ፣
ሎግያ

እንዴት ከረምክ ልጄ? የአፋር ሙቀት እንዴት አደረገህ? እህል ይበላልሃል ወይ? ያ ጭነት ስታወርድ የተጎዳው ጉልበትህ ሻረልህ ወይ? ሌሊትስ እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ ፈጣሪ እንዳቆየን አለን። አባትህ ደኅና ነው፣ እህትህ ፅጌረዳ ደኅና ናት፣ ላማችን ቡሬም ወልዳለች። ደኅና ነን ስልህ የወንድምህ ሐዘን ባለበት ሆኖ ነው፤ እሱን አንተም ታውቀዋለህ።

ይህን ነገር በአፌ ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። ያለፈው እሑድ ንፋስ መውጫ ወጥቼ ስደውልልህ ግን ሳልጨርስ ተቋረጠ። ደግሞ ስልክ ላይ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ በእጄ መጻፍ ያዝኩ። ጽሕፈቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ቀስ ብለህ አንብበው። የሚያደርስልህ ሹፌሩ ወርቅነህ ነው፤ ነገ ማለዳ ወደ ወደብ ስለሚነሣ በሎግያ ያልፋል።

ያን ዕለት ያልከኝን ቃል እኔው ልድገምልህ። "እማዬ አትፍሪ፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ይሻገራል ብሎኛል ደላላው። የኛ ቤት ዕጣ ደግሞ በወንድሜ በቀለመ ወርቅ ወጥቷል" አልከኝ። ከገና በፊት ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ባሕሩን እንደምትሻገር፣ ፖሊስ ቢመልስህም ደግመህ እንደምትሞክር ነገርከኝ። ስለ ዕጣው ያልከው እንዲያውም ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያጽናናኝ ነበር።

ቃሉን ቀድሞም ሰምቼዋለሁ። አንተ እዚያ ስለነበርክ አላየህም፤ የቀለመ ወርቅ መርዶ የመጣ ጊዜ ባሕር ወስዶት አስከሬን ስላልነበረን፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ለድጓ ትምህርት ሲሄድ ያለበስነውን ጋቢ መደቡ ላይ ዘርግተን አለቀስን። ያኔ አያ ጥጋቡ አጠገቤ ተቀምጠው "ያንቺ ቤት ምልክት ወጥቷል ዓለምጸሐይ፣ ከእንግዲህ ለቀሩት አትስጊ" አሉኝ። የውኃ አባት ናቸውና የሚያውቁት በዚያ ነው። የመስኖው ተራ ዕጣ ሲጣል እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል፤ የኛ የወይራ ስባሪ ነው፣ የሳቸው የባቄላ ፍሬ ነው። አንዴ የወጣው ምልክት መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የሌላው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ አይመለስም። በዚህ ነው ያደግነው። ሞትም ተራ ጠብቆ የሚዞር መስሎን ነበር።

አሁን ፅጌረዳ ያሳየችኝን ልንገርህ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ዘንድሮ ተከፍቷል፤ እሷም ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። የሒሳብ መምህርቷ ሰርካለም ትባላለች፣ ልጅ እግር የእስቴ ሰው ናት። በዚህ ሳምንት ፕሮባቢሊቲ የሚሉትን ጀመረችላቸው፤ በአማርኛ ይሆናልነት ነው ብላቸዋለች። አንድ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ፣ ከቻለስ ምን ያህል የሚለውን በቁጥር የሚናገሩበት ነው። የቤት ሥራ ተሰጥቷት ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት እኩል እኩል የሆኑ አሥር ነጫጭ አተሮች ለቀመች። አንዷን በድስት ጥላሸት አጠቆረቻት። ከዚያ ሁሉንም አባትህ ዘር በሚቋጥርባት ትንሽ ከረጢት ከተተቻቸው።

ሳላይ አንድ እንዳወጣ አዘዘችኝ። አወጣሁ፣ ነጭ ሆነች። ነጭ የመውጣቷ ይሆናልነት ዘጠኝ አሥረኛ ነው አለችኝ። የቀረውስ ብዬ ብጠይቃት ሳቀች፤ መምህርቷም ክፍሉን የጠየቀችው ይህንኑ ኖሯል። የሚሆነውና የማይሆነው ተደምረው አንድ ሙሉ ይሆናሉ፤ ከሙሉው ላይ አንዱን ብትቀንሺ ሌላው ይቀርሻል፣ እሱም ማሟያ ይባላል ብላ አስረዳችኝ። ዘጠኝ አሥረኛ ነጭ ካለ አንድ አሥረኛ ነጭ ያልሆነ አለ። አንደኛውን የተናገረ ሰው፣ ስሙን ባይጠራውም፣ ሌላውንም ተናግሯል ማለት ነው።

ልጄ፣ ደላላው ዘጠኙን ነግሮህ አንዱን ዋጠው። ለወንድምህም የነገረው እንዲሁ አድርጎ ነበር። ያ የተዋጠው አንድ የኔ ልጅ ነበር።

እንዲህ እንዳለን አያ ጥጋቡ ስለ ውኃው ተራ ሊነግሩን መጡ። ከረጢቷን አይተው "ዕጣ መጣል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በመምህር የሚማሩት? እኔን ቢጠሩኝ በነፃ አስተምር አልነበር" ብለው ቀለዱብን። ፅጌረዳም ከረጢቷን ዘረጋችላቸው። እጃቸውን ሰደዱ፤ ጥቁሯ ወጣች። የኔስ ወጣልኝ ብለው እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ሊያኖሯት ሲሉ ፅጌረዳ ተቀብላ መልሳ ከረጢቷ ውስጥ ጣለቻት።

"አንቺ ልጅ፣ የወጣ ዕጣ ይመለሳል እንዴ?" አሏት ቆጣ ብለው።

"እዚህ ይመለሳል አያ ጥጋቡ። እኛም እንደርስዎ ነበር ያልነው። ጥቁሯ ወጥታለችና አሁን አትወጣም ብለን ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። መምህርታችን ግን 'ጣልኳት እንዴ? ዓይናችሁ እያየ መለስኳት እኮ' አለችን። ከረጢቷ ማን አውጥቶ እንደነበር አታስታውስም።"

አያ ጥጋቡ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሁለተኛ እኔ እጅ አትገባም ብለው እንደገና እጃቸውን ከተቱ። ሲያወጡ ሁላችንም አየናት። ጥቁሯ ነበረች። የሳቀ የለም። ጥላሸቱ ጣታቸው ላይ ቀርቶ በጋቢያቸው ጫፍ ቢጠርጉት አልለቅ አላቸው። የመጡበትን የውኃውን ነገር እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው "ያን ቀን ለቅሶ ላይ ያልኩሽን፣ ለጌዲዮን እንዳትነግሪው" አሉኝ። ደርሶታል አያ ጥጋቡ፣ አልኳቸው።

አባትህ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ከመርዶው ወዲህ ቃል ከአፉ እንደማይወጣ ታውቃለህ። ተነሥቶ ከረጢቷን ወሰደና ደጋግሞ ማውጣት ያዘ። ነጭ ወጣች፣ መለሳት፤ ነጭ ወጣች፣ መለሳት። እሱ ላይ ጥቁሯ እምቢ አለች። እኔ በውስጤ ደስ ሲለኝ እሱ ቀና ብሎ "ነጯ ስትወጣ ጥቁሯ የት ሄደች? እዚያው ናት" አለ። ነጮቹም ከሷ ጋር እየታሹ ግራጫ መስለው ነበር።

ጌድዬ፣ ከአሥር ዘጠኝ የሚለውንስ ማን ቆጠረው? ፅጌረዳ የምታውቀው ከረጢቷን ራሷ ስለሞላቻት ነው። ባሕሩን ከፍቶ ያየ የለም። ውስጡ አንድ ጥቁር ይሁን አምስት፣ ደላላው ከኔ የተሻለ አያውቅም። ፖሊስ ቢመልስህ ደግመህ እንደምትሞክር ብለሃል፤ ደግመህ እጅህን ትከታለህ ማለት ነው። በወንድምህ የወጣችው ጥቁር መሬት ላይ አልተቀመጠችልህም። ተመልሳ ገብታ ትጠብቃለች።

እዚህ ቤት ጥቁር የለም ብዬ አላታልልህም። ውርጭ ድንቹን ይመታዋል፤ ጊዜውም እንደምታውቀው ነው። ነገር ግን እዚህ የሚደርስብኝን አየዋለሁ፣ እዳስሰዋለሁ። ባሕሩ የወሰደብኝን እስከ ዛሬ አልዳሰስኩትም። ዘንድሮ የውኃው ተራ ለኛ በመጀመሪያ ወጥቷል። ቦዩን የሚመራ ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ የአባትህ ወገብ እንደ ድሮው አይደለም። ና ልጄ። ሥራ አጥቼ እቀመጣለሁ ብለህ አትፍራ።

ወርቅነህ ከደብዳቤው ጋር ከረጢቷን ይሰጥሃል። ዘጠኙን አተር አጥቤ ከትቼልሃለሁ፤ ጥቁሯን አውጥቼ እኔ ዘንድ አስቀርቻታለሁ። ጥቁሯ ከሌለች ነጭ የመውጣቱ ስንት ነው ብዬ ፅጌረዳን ብጠይቃት ሙሉ አንድ ነው፣ እርግጠኛ ይባላል አለችኝ። ከዚህች ከረጢት ጥቁሯን ማውጣት ቻልኩ። ከባሕሩ ግን ማውጣት አልችልም። አንተም አትችልም። የምትችለው እጅህን አለመክተት ብቻ ነው።

አባትህ ሰላም ይልሃል፤ ምን ልጻፍልህ ብዬ ብጠይቀው "ይምጣ በይው" ብቻ አለኝ። ፅጌረዳ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ስትመጣ አንተንም ይሆናልነት እንደምታስተምርህ ንገሪልኝ ብላለች። አያ ጥጋቡ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ላይ አግኝተውኝ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብለዋል፤ ቀልድ አልጨመሩበትም። የቡሬ ጥጃ ሴት ናት፣ ስም የምታወጣላት አንተ ነህ ብለን ትተንልሃል።

ወርቅነህ መንገዱ ከተዘጋ ሊዘገይ እንደሚችል ነግሮኛል። እዚያ ሳያገኝህ ከቀረ ከረጢቷን ለማንም ሳይሰጥ መልሶ እንዲያመጣልኝ አደራ ብዬዋለሁ። እንግዲህ መኪናው በተመለሰ ቀን አስፋልቱ ዳር ቆሜ የማየው የሱን እጅ ነው። ባዶ እጁን ይምጣ። ከረጢቷን አንተ ይዘሃት ና።

እናትህ ዓለምጸሐይ
ላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ በታች
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.