ኳሷ አየር ላይ ስትሆን

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሷን ነቅላ እየሳቀች ከትምህርት ቤት ስትወጣ በመኪናዬ መስታወት አይቻታለሁ። እጄን አውለበለብኩላት፤ ያየችኝ አልመሰለኝም። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት ይዞ አይለቀኝም፣ ቀትር ላይ ይረሳኛል። በመካከላችን አሥራ አንድ መንገድ ብቻ እያለ ቴምብር ለጥፌ ደብዳቤ መላኬ ያስቅህ ይሆናል። በራፍህ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ውሻችሁ ጮኸብኝ፤ እንደ ሌባ አጎንብሼ ሄድኩ። በወረቀት ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኳስ ልናገር። ከዚያ ካልጀመርኩ ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ልጄ፣ ዋና አሰልጣኝ ሆነህ ዘንድሮ ምን ነካህ? አራት ሙከራ ይሰጥሃል። በአራቱ ኳሷን አሥር ያርድ ወደ ፊት መግፋት ነው። አንተ ግን በመጀመሪያው ያን ወፍራም የዊለር ልጅ ኳሷን አስታቅፈህ መሃል ለመሃል ትሰደዋለህ፤ ግጭት፣ አፈር፣ ሁለት ያርድ። በሁለተኛውም እሱኑ። በሦስተኛውም እሱኑ። በአራተኛው ኳሷን በእግር አስጠልዘህ ለባላጋራ ታስረክባለህ። የማዶዎቹ ልጆች ገና ሳትጀምሩ በጣታቸው የዊለርን ልጅ እየጠቆሙ ይሳሳቃሉ፤ ከላይ ከመጨረሻው ረድፍ ሆኜ አያቸዋለሁ። የፔትራክ ልጅ ደግሞ አለልህ። ከዚህኛው የወንዝ ዳር ወርውሮ ማዶ የታሰረ ጀልባ ውስጥ ኳስ የሚያስገባ ክንድ ያለው ወርዋሪ! አንተ ግን ኳስ ተቀብሎ ለዊለር እንዲያቀብል ብቻ አቁመኸዋል። ፖስታ ቤት ቢቀጠር ይሻለው ነበር።

ከሼልቢ ራን ቡድን ጋር የተጫወታችሁ ዕለት የሆነውን ታስታውሳለህ። በሦስት ነጥብ ተመርተናል፣ አንድ ደቂቃ ቀርቷል፣ እስከ መጨረሻው መስመር አራት ያርድ ብቻ። ዊለር። ዊለር። ዊለር። ከዚያ የማዶዎቹ ጭፈራ። አጠገቤ የተቀመጠው ቼስተር፣ የመስታወት ፋብሪካው ሳይዘጋ አብሮኝ እቶን ፊት ሃያ ዓመት የቆመው፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ስማ አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ልጅህ ኳስ እንደሚወረወር ሰምቷል? ወይስ እቤታችሁ መወርወር ክልክል ነበር?” አለኝ።

“ዝም በል! ልጄን የምሰድበው እኔ ነኝ፣ አንተ ምን አገባህ?” አልኩት። ከዚያ ተነሥቼ ቆምኩና እንዴት አድርጌ እንደሰደብኩህ አትጠይቀኝ። ከፊቴ የነበረችው ሴት የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ከደነች።

እቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ከመስኮት ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ መስኮት። ቅዳሜም እንዲሁ፣ እሑድም እንዲሁ። የማናግረው ሰው የለማ! ድሮ እናትህ ነበረች። እኔ ስለ አንዷ ሙከራ ስጮህ እሷ ድንች እየላጠች፣ “ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሱ ንገረው” ትለኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለህ አንብበው። ሰኞ ሰኞ ምሽት በሬዲዮ የአሰልጣኙ ሰዓት ላይ የሚደውለው፣ “ዶይል ከኮረብታው ሰፈር” የሚባለው ሰውዬ እኔ ነኝ።

አስቤበት አይደለም። ከሼልቢ ራን ጨዋታ በኋላ በነበረው ሰኞ የሬዲዮው ማርቪን ቦግስ በዚያ የሐራጅ ሻጭ በሚመስል ድምፁ፣ “መስመራችን ክፍት ነው፣ አሰልጣኛችንን የምትጠይቁት ካለ ደውሉ” ሲል እጄ ስልኩን አነሣ። ማን ልበል ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ዶይል ነው። ዶይል የሚባል ሰው አላውቅም። የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ በስልኩ አፍ ላይ ጠቅልዬ፣ “አሰልጣኝ፣ የእርስዎ ወርዋሪ እጁ ተሰብሯል እንዴ?” አልኩህ።

አንተም አልተቆጣህም። “አልተሰበረም ጌታዬ፣ ግን ጥያቄዎ ልክ ነው” አልከኝ። እርስዎ እያልክ፣ በትዕግሥት፣ መስመርህ ላይ ያሉት ልጆች ገና ለጋ እንደሆኑና ወርዋሪውን በደንብ መከለል እንደማይችሉ አስረዳኸኝ። ሦስት ደቂቃ ያህል ተነጋገርን። ስልኩን ስዘጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ተነጋግረን እንደማናውቅ ገባኝ። የዚያን ቀን ራቴን ቆሜ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ሱስ ሆነብኝ። ሳምንቱን ሁሉ በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ክብና ቀስት ስሥል እሰነብታለሁ። አንድ ሰኞ፣ “ለዊለር የሰጣችሁ አስመስሉና ከመስመሩ ጫፍ ሾልኮ ለሚወጣው ለዚያ ረጅም ልጅ በአጭሩ ወርውሩለት። ማንም አይጠብቀውም” አልኩህ።

“እርስዎ ተጫውተው ያውቃሉ?” አልከኝ።

“በወጣትነቴ። ፊት መስመር ላይ፣ ከሚገፉት ጋር ነበርኩ” አልኩህ።

“እኔም ገርሞኛል! ኳስ ይወርወር ብለው የሚጮሁት መቼም ኳስ ነክተው የማያውቁት የመስመር ሰዎች ናቸው” ብለህ ሳቅክ። ማርቪንም ሳቀ። እኔም በጨርቁ ውስጥ ሳቅሁ።

በዚያው አርብ፣ በሁለተኛው ሩብ፣ አደረግኸው። ረጅሙ ልጅ ብቻውን ቆሞ ተቀብሎ ገባ። ሰዉ ሁሉ ብድግ ሲል እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ቼስተር ትከሻዬን እየነቀነቀ፣ “አየህ? አየህ? አሁን ገና ሰው አማከረው!” ይለኛል። ማን እንዳማከረውስ እኔ አውቃለሁ፤ ግን ለማን ልናገር?

አንዴ አድርገህ ግን ወደ ልማድህ ተመለስክ። በቀሪው ጨዋታ ሁሉ ዊለር፣ ዊለር። በጥቅምት መጨረሻ በክሌመንት ቡድን ስንሸነፍ ሦስት ነጥብ ብቻ ይዘን ነው የወጣነው፤ እሷም በእግር የመጣች። ሰዉ ገና ሳያልቅ ወደ መኪናው ሄደ። በዚያ ሰኞ ስደውል ጨርቁን መጠቅለሉንም እንጃ፤ ተናድጄ ነበር። “አሰልጣኝ፣ ችግሩ ልጆቹ አይደሉም። ችግሩ እርስዎ ነዎት። ይፈራሉ። የሚፈራ ሰው የሰው ልጅ ይዞ ሜዳ አይገባም” አልኩህ።

ማርቪን ወደ ማስታወቂያ ሊሄድ ሲል፣ “ቆይ ማርቪን” አልከው። ከዚያ የተናገርከውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

“ልክ ነው፣ እፈራለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ገና ረዳት እያለሁ፣ ከከተማ ወጥተን አንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነበረን። ያን ቀን ኳሷን መሬት አላስነካኋትም፤ ሙሉ ቀን አስወረወርኩ። የመጨረሻዋ ረጅም ኳስ አየር ላይ እያለች፣ ከዚህ የበለጠ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ያን ሰዓት መገኘት የነበረብኝ ሌላ ቦታ ነበር። የነገረኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ኳሷ አየር ላይ ስትሆን አንድ የማላውቀው ነገር እየተፈጸመ ይመስለኛል። መሬት ለመሬት ስትሄድ ግን ቢያንስ የት እንዳለች አያታለሁ።”

እኔ ልዘጋ ስል አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ “ዶይል፣ አርብ ብርድ ነው እያሉ ነው። በዚያ ብረት ላይ እንዲሁ አትቀመጥ፣ ወገብህ አይችልም። ትራስ ይዘህ ና። ኪኒንህንም በባዶ ሆድ አትውሰድ” አልከኝ።

ዶይል ስለ ወገቡ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ደግሞም እርስዎ ቀርቶ “አንተ” ነው ያልከኝ።

ከስንተኛው ሰኞ ጀምሮ እንዳወቅከኝ እያሰብኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ያን ሁሉ ስድቤን እያወቅክ እንዴት እንደተቀበልከው አሰብኩ። አልደረስኩበትም፤ አልጠይቅህምም።

ከትናንት በስቲያ፣ አርብ፣ ትራሱን ይዤ መጣሁ። ላይ አልወጣሁም፤ ከተጠባባቂዎቻችሁ ኋላ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጥኩ። ቼስተር ከላይ ሆኖ፣ “ምነው፣ ደረጃው አቃተህ?” ብሎ ጮኸብኝ። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ አየኸኝ፤ ፊትህ አልተለወጠም። ከዚያ በመጀመሪያዋ ሙከራ ኳሷ ከፔትራክ ልጅ እጅ ወጥታ ረጅም ስትሄድ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አቀና። ተቀባዩ አልደረሰባትም። በሁለተኛዋም አስወረወርክ፤ ከልጁ እጅ ላይ ሾልካ ወደቀች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በሦስተኛዋ የማዶው ልጅ መሃል ገብቶ ቀምቶ ይዟት ሮጠ። ያን ጊዜ ከላይ የወረደብህን ጩኸት ሰምተሃል። ለሦስት ወር፣ “ወርውር! ወርውር!” ሲሉ የነበሩት ናቸው፣ “ዊለርን ስጠው!” የሚሉት። ሰው እንዲህ ነው። እኔ ተነሥቼ፣ “ድገመው! ድገመው አንተ ልጅ!” እያልኩ ጮኽኩ። ጉሮሮዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሰምተኸኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ደገምከው።

መሸነፋችንን አውቃለሁ። በሰባት ነጥብ ነው፣ ይሁን። ሲያልቅ አጥሩ ድረስ ወርጄ ነበር። የፔትራክ ልጅ እያለቀሰ ነበር፤ አንተም የራስ ቁሩን ይዘህ ግንባርህን ግንባሩ ላይ አድርገህ ታናግረዋለህ። እዚያ መሃል መግባት የእኔ ቦታ አይደለም። ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

እንግዲህ ስለ ኳስ ጨረስኩ። አሁን ስለዚያ ቅዳሜ፣ ስለ ጥሎ ማለፉ ጨዋታ ቀን ልጻፍ። በዚያን ዕለት የቤታችን መተላለፊያ ላይ ቆመህ፣ “ለምን አልደወልክልኝም?” ስትለኝ፣ “ጨዋታ ላይ ነበርክ” አልኩህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን መልስ እየደጋገምኩ ሳኝካት ኖሬያለሁ። ሌላ መልስ መስጠት እችል ነበር። አልፈለግሁም።

ነርሷ ጠዋት መጥታ እናትህ ዛሬን አትሻገርም አለችኝ። እኔን ጓዳ ወስዳ ነው የነገረችኝ፤ ቤታችን ግን ጠባብ ነው፣ ድምፅ ይሰማል። ስመለስ እናትህ ነቅታ ነበር። አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር እንዳደረግንላት ታውቃለህ። ሬዲዮውን ከፍ አድርገው አለችኝ። ስልኩ ድሮ ከነበረበት ከጠረጴዛው ላይ የለም፤ ብርድ ልብሷ ላይ፣ በሁለት እጇ መሃል ነው። እጄን ዘረጋሁ። አየችኝ። ሰውነቷ አልቆ ነበር፣ ከእሷ እጅ ዕቃ ለመውሰድ ጉልበት አያስፈልግም ነበር፤ የእሷን አያያዝ ግን አንተም ታውቃለህ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ማርቪን የአንዷንም ኳስ አካሄድ ሳያስቀር ይተርካል። ኳሷ በተወረወረች ቁጥር፣ “እሱ ነው ያዘዘው?” ትለኛለች፤ “እሱ ነው” እላታለሁ። በእረፍቱ ሰዓት ትንሽ ውኃ በማንኪያ ወሰደች። እንደገና እጄን ዘረጋሁ። “ያልቅ” አለችኝ። ሌላ አላለችም። የመጨረሻዋ ረጅም ኳስ ስትያዝ ማርቪን ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ፤ እሷም በከንፈሯ ብቻ ሳቀች፣ ዓይኗን ከደነች፣ ጣቶቿም ላሉ። ያን ጊዜ ደወልኩልህ። በመንገድ ላይ ምን ያህል በፍጥነት እንደነዳህ ጎማህ ተናግሯል። እሷን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ነው የዘገየኸው።

በጊዜው አልደወልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ልትቀየምም ከሆነ በእኔ ተቀየም፤ እናትህን በዚህ ውስጥ እንዳታስገባት አደራ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ቀን ኳሷ አየር ላይ በነበረች ሰዓት አንተ የማታውቀው ነገር እየተፈጸመ ነበር፣ እውነትህን ነው። የተፈጸመው ግን ያ ነው። አንዲት ሴት ሬዲዮ እየሰማች ትስቅ ነበር።

ነገ ሰኞ አልደውልም። እሑድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ የባቄላ ሾርባ እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛበታል፣ ልጆቹ ላይወዱት ይችላሉ፣ ዳቦ ግን አለ። በሩን አልቆልፍም።

ፈጣሪ እጅህንና ሐሳብህን ያቅናልህ። ልጆችህ አጠገብህ ሆነው ይደጉልህ፤ ባለቤትህ ጤና ትሁንልህ። ለፔትራክ ልጅ ክንዱን በብርድ እንዳይተወው ንገረው፣ ለከርሞ ያስፈልገናል።

የሚወድህ
አባትህ