በረኛችንን በሁለት ተከላካይ ለለወጡልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ዌስሊ ሆልብሩክ
የማርቶክ ዝዮች የበረዶ ሆኪ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ገጽ ላይ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ብርድ እንዳይመታው ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እየሠራ ከቢሮዎ ደጅ የሚቆመው መኪናዎም በፍጹም ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ከገባው ብርድና ከእርስዎ አመራር በቀር የሚያስቸግረን ነገር የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና፣ የእኛም ጨዋታ በበረዶ ላይ ይሁን እንጂ ያው ዱላና ሩጫ ስለሆነ፣ በድፍረቴ እንደማይቀየሙኝ በመተማመን ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ኦረስት ዳኒልኮ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእህል ጎተራው ሠርቼ በጡረታ የተሰናበትኩ፣ በአዳራሹ አምስተኛ ረድፍ ላይ ያለችውን ወንበር ለብዙ ዘመን ከመቀመጥ ብዛት ያጎደጎድኩ ደጋፊ ነኝ። በረኛዎን ኤመት ላሮክን ላለፉት ሦስት የውድድር ዘመናት በቤታችን ምድር ቤት ያኖርነው እኔና ባለቤቴ ዶሪን ነን። ተጫዋቾቹ ገና የትምህርት ቤት ልጆች ስለሆኑ፣ ከሩቅ የመጣው ሁሉ በየሰው ቤት እየኖረ፣ ጠዋት እየተማረ፣ ማታ እንደሚጫወት እርስዎ አይጠፋዎትም። ይጠፋዎታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ስምዎን ለመጠበቅ ስል ተከራክሬያለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቅሬታዎቼን ለንባብ እንዲመችዎት ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር እንደማይወድ ከደረጃ ሰንጠረዡ የተረዳሁ ቢሆንም።

አንደኛ፤ ስለ ሣጥኑ። በታኅሣሥ አጋማሽ በገዛ አዳራሻችን ዘጠኝ ለአንድ በተሸነፍን ማግስት፣ ከበሩ አጠገብ አንድ የእንጨት ሣጥን አስቀመጡ። ጎኑ ላይ አረንጓዴ ወረቀቶች ተደርድረው፣ «ቡድናችንን ለማጠናከር ማን በማን ይለወጥ? ሐሳብዎን ይጻፉልን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን እንዴት እንደሣቅን ቢያዩ ኖሮ አብረውን ይሥቁ ነበር። ሐኪም በሽተኛውን አስተኝቶ ከበር ላለው ዘበኛ «የቱ ጋ ልቅደደው?» ሲል የሰማን ነው የመሰለን። ሆኖም ሣጥኑ በሳምንቱ ሞላ። የማርቶክ ሰው ወረቀት በነጻ ካገኘ ይጽፋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጠረጴዛችን። ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ማብራሪያ ነው፤ የሚከተለውን ለመረዳት ግን ያስፈልግዎታል። ከጨዋታ በኋላ በአዳራሹ ምግብ ቤት ጥግ ባለችው ጠረጴዛ የምንቀመጠው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ፀጉር አስተካካዩ ክላይድ ፔታሽና የትምህርት ቤት አውቶብስ የሚነዳው ዋልት። ድንች እየበላን ተጫዋች እንለውጣለን። ተከላካዮቹ የጨውና የቁንዶ በርበሬ ብልቃጦች ናቸው፤ አጥቂዎቹ የቡና ስኒዎች፤ በረኛው የካቻፑ ጠርሙስ ነው። በዚህ ዓይነት በሃያ ዓመት ውስጥ ከሦስት ሺህ የማያንስ ተጫዋች ለውጠናል፤ አንዱም ግን ከአልጋው አልተነቃነቀም።

ንግግራችን ምን እንደሚመስል እንዲያውቁት ያህል፣ ክላይድ የሚጀምረው «ሦስተኛውን የአጥቂ መስመር ጠቅልለህ ስጣቸው፤ ካንገራገሩ አሠልጣኙን መርቅላቸው!» በማለት ነው። ዋልት ይቀጥላል፤ «ማን ይወስድልሃል ወንድሜ? እኔ በአውቶብሴ ጭኜ ደጃቸው ላይ ባራግፋቸው እንኳ የመመለሻ ነዳጅ ሞልተው ይልኩልኛል።» ያን ጊዜ ድንቹን የምትጠብሰው በርኒስ ከመስኮቷ ብቅ ትልና፣ «እናንተ ሦስት ቦዘኔዎች፣ ሰው ሁሉ አለቀ እኮ! እኔንስ በማን ልትለውጡኝ ነው?» ትለናለች። «ባንቺማ በረኛ ነው የምንጠይቀው» ይላታል ዋልት። «በረኛማ አላችሁ፤» ትላለች በርኒስ፣ «ያላችሁም እሱ ብቻ ነው።»

የጠረጴዛችን ሕግ አንድ ነው። ያወጣው ክላይድ ሲሆን፣ «የማይቆጭህን ሰጥተህ የሚጠቅምህን መጠየቅ ልውውጥ አይደለም፤ ልመና ነው» ይላል። ስለዚህ ልውውጥ የሚያቀርብ ሰው የሚያመውን መስጠት አለበት። በአንዱ ምሽት፣ ክርክሩ ከሮ ሳለ፣ ካቻፑን ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ጫፍ ያደረሰ እጅ ነበር። ዋልት ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰና «ተው፣ ይህማ ጨዋታ አይደለም» አለ። ሣቅን፤ ድንቻችንን ጨርሰን ወደየቤታችን ሄድን። እኛ የምናውቀው ልውውጥ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥር አሥር። የልውውጡ ጊዜ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ጋዜጠኞችን ጠርተው፣ ኤመት ላሮክን ለፖርት ቴሲየር ቡድን ሰጥተው ሁለት ተከላካይ መቀበልዎን አበሠሩን። አንዲት አረንጓዴ ወረቀት ከፍ አድርገው እያወዛወዙም፣ «ደጋፊዎቻችንን አዳምጠናል። ይህ ሐሳብ የመጣው ከአንድ ታማኝ ደጋፊያችን ነው» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ትሕትናዎ ምስጋና የሚበቃ አይመስለኝም። ሌላው ሥራ አስኪያጅ ጥፋቱን ለብቻው ይሸከማል፤ እርስዎ ግን ከተማውን በሙሉ አካፈሉ።

ከተቀበልናቸው ሁለት ተከላካዮች አንደኛው ኮዲ ቫንስተን ነው። እርስዎ ራስዎ ከሁለት ዓመት በፊት «ለወደፊቱ ዕቅዳችን አይሆንም» ብለው የሸኙት ልጅ ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይህ ነው። የወደፊቱ ዕቅድዎ ያለፈው መሆኑን ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ እቃውን ይዘን እንጠብቀው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በምርኩዝ ነው ከመኪና የወረደው። ጉልበቱ እስከ መጋቢት እንደማይድን ፖርት ቴሲየር ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም፤ ዋልት ከነዳጅ ማደያው ልጅ ሰምቶ ነበር። እርስዎ ስልክ ለመደወል ጊዜ አጥተው ይሆናል፤ ሣጥኑን ሲያነቡ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። የጣለችውን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ክራባት ታስራለች ብዬም አልገመትኩም።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጨዋታ አድርገን ሠላሳ አንድ ግብ ገብቶብናል። አሁን በሩ ላይ የሚቆመውን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አልወቅስም። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ የራስ መከላከያውን ሳያወልቅ ወደ መኪና የሄደው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እርስዎ ያን ምሽት ጨዋታው ሳያልቅ በሁለተኛው ዕረፍት ወጥተው ነበርና አላዩትም።

አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ድንቹ ጥብስ ዘይት ነበር፤ በርኒስ ግን ራሷ እንደምትነግርዎት ስለዛተች ለእሷ ትቼዋለሁ። ወደ አምስተኛው ልለፍ፤ ይህኛው አጭር አይደለም።

ኤመትን ከኬሚስትሪ ክፍል አስጠርተው ነው የነገሩት። አውቶብሱ በአሥር ሰዓት ይነሣ ስለነበር ለሦስት ዓመት ኑሮው ሁለት ሰዓት ሰጡት። ዶሪን ድንች የተሞላውን ሊጥ እየቀቀለች ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ የምትሠራለት ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ በዚያ ሰዓት ለምን እንደመጣ ገብቷት ምድጃውን አጠፋች።  የእግር መከላከያዎቹ እንደ ወትሮው ከማሞቂያው አጠገብ ተሰቅለው ይደርቁ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «ይህ ሽታ አንድ ቀን ይገድለኛል» እያለች ስታማርርበት የኖረችው ነገር ነው። አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ ራሷ ከቦርሳው ከተተችለት።

ቦርሳውን ተሸክሜ ወደ መኪናው ስወስድ ኤመት ተከተለኝ። እኔን «ሽማግሌው» ነው የሚለኝ።

«ሽማግሌው፣ ደጋፊዎቹ ናቸው የፈለጉት አለኝ ሥራ አስኪያጁ። እውነት ነው?»

«አንድ የማይረባ ሰው ጽፎት ይሆናል» አልኩት።

«ምን አድርጌው?»

 የመኪናውን መስታወት በረዶ መፋቅ ጀመርኩ፤ ተፍቆ ያለቀውን እንደገና ፋቅሁት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ይህን ባለማየትዎ ዕድለኛ ነዎት፤ ዕድለኛነትዎም ከእውቀት የመጣ እንዳልሆነ እመሰክራለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሪን ያንን አረንጓዴ ወረቀት የጻፈውን ሰው እየፈለገች ነው። በፖስታ ቤት ጠይቃለች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ ጠይቃለች፤ ክላይድን ምላጩን እንደያዘ አፋጥጣዋለች። ኤመት ከአልጋው ሥር አንድ ካልሲ ረስቶ ሄዷል፤ ያልታጠበ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራ አስቀምጣዋለች። «ሰውዬውን ያገኘሁት ቀን ይህን ነው የማበላው» ብላለች፤ አርባ አንድ ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ ዛቻዋ ባዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለ ሥራዎ አንድ ነገር እንድል ይፈቀድልኝ። ደጋፊ የሚናገረው እንዲወጣለት ነው። ስንሸነፍ አሠልጣኙን እናባርራለን፤ ስናሸንፍ ሐውልት እናቆምለታለን፤ ሁለቱንም የምናደርገው አንዲት ሳህን ድንች ሳንጨርስ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ አንዱ ብቻ እኛን «እምቢ፣ አርፋችሁ ድንቻችሁን ብሉ» እንዲለን ተቀጥሯል፤ እሱም እርስዎ ነዎት። እኛ ስንቀልድ እርስዎ ማስታወሻ ያዙ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና የእኛን ጥፋት አላስተባብልም፤ ነገር ግን ሞኝ የሚናገረውን የሚፈጽም ሹም ከሞኙ በምን እንደሚሻል የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ይህን በመናገሬ ተናድጃለሁ፤ ተናድጄም ነው የጻፍኩት።

ስለሆነም አንዲት ትንሽ ልመና አለኝ። ሣጥኑን ያንሡልን። ለማገዶ ቢሰጡት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ያሞቃል። ኮዲን ከዚህ በፊት ያረፈበት ቤት ያሳድሩት፤ ልጁ ጥፋት የለበትም፤ መንገዱንም ያውቃል። በየካቲት ወር ፖርት ቴሲየር ወደዚህ መጥቶ ኤመት በዚያኛው በር ሲቆም ደግሞ፣ እባክዎን እስከ መጨረሻው ይቀመጡ። በሁለተኛው ዕረፍት መውጣት የለመዱ ቢሆንም።

በመጨረሻም ላሳዩን ትዕግሥት፣ ላልሰጡን ማብራሪያ፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ የነበረውን ቡድናችንን የመጨረሻ በማድረግ ከዚህ በታች የመውረድ ሥጋት ለገላገሉን ብልሃትዎ፣ እንዲሁም በየጨዋታው መግቢያ ላይ ለሚያድሉን የፈገግታዎ ፎቶግራፍ፣ በራሴና በአምስተኛው ረድፍ ስም ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ዕድሜዎ ይርዘም፤ ውልዎ ይጠር።

በክለቡ ፍቅር የቀዘቀዘ፣ በክለቡ አዳራሽ ይበልጥ የቀዘቀዘ፣ የእርስዎ ታማኝ

ኦረስት ዳኒልኮ
ማርቶክ፣ ሳስካቸዋን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጸሐፊውን ስም እስካሁን ስለሸሸጉ ከሁሉ በላይ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አይድከሙ። ካቻፑን የገፋሁት እኔ ነኝ። ወረቀቷንም በዚያው ምሽት የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ በጠረጴዛችን ሕግ መሠረት የሚያመኝን መስጠት ነበረብኝ፤ ከኤመት የበለጠ የሚያመኝ ተጫዋች አልነበረኝም። እየሣቅሁ ነው ሣጥኑ ውስጥ የጣልኳት። ከዚህ ጋዜጣ አንዱን ቅጂ ለኤመት በፖስታ ልኬለታለሁ። ምን አድርጌው ብሎ ለጠየቀኝ፣ ምንም እንዳላደረገኝ እጽፍለት ዘንድ ሌላ ወረቀት አላገኘሁም። ዶሪን ጋዜጣውን ሐሙስ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ነው የምታነበው። እንግዲህ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ቢኖርዎት ወደ ምድር ቤቷ ክፍል ይላኩልኝ፤ በእርስዎ ቸርነት ተለቅቃለችና የማድረው እዚያ ነው። ራት እንዳይሉኝ፤ ካልሲው ይጠብቀኛል።